ጣራው በየካቲት፣ ግድግዳው በመስከረም
(በአረቅጥ ለጎልማሶች የንባብ ክፍል የተደረገ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችሁ ጨርሳችኋል። አሁን ደግሞ ያወቃችሁትን እንዳትረሱት በየሳምንቱ እየተሰበሰባችሁ ታነባላችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ምንጭ ውኃ አነበብን። ዛሬ ስለ ቤት እንነጋገር።

ስለ ቤት ስንል ስለ አዲስ ቤት አሠራር ማለታችን አይደለም። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀጭ ሻጭ ቆጮ እንደ መሸጥ ነው። አንድ ትልቅ ጎጆ ያለ አንድ ምስማር፣ በምሰሶና በወራጅ፣ በማገርና በቃጫ ማሰሪያ ብቻ ቆሞ ስንት ክረምት እንደሚያሳልፍ እኛ ዘማች ተማሪዎች እዚህ መጥተን በዓይናችን አይተናል። ዛሬ የምንነጋገረው ያለውን ቤት ስለ መጠገንና ስለ ማሳመር ነው። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀውን፣ በገዛ እጅ የሚሠራውን ብቻ እናነሣለን።

በጉራጌ አገር ቤት የሚታደሰው ለመስቀል ነው። ጊዜው ሲቃረብ እናቶች ጭቃ ያቦካሉ፣ ግድግዳ ይመርጋሉ፣ ወለል ይለቀልቃሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፣ ይወለውላሉ። አዲስ አበባ ያለው፣ ሌላም ከተማ ያለው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። ቤቱ አምሮ ይጠብቀዋል። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ይኑር።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን። መስቀል መስከረም 17 ቀን ነው። ትልቁ ዝናብ የሚጀምረው ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሆኑ አረቅጥ ላይ ለሚኖር ሰው አይነገረውም። እንግዲህ ቤቱን የምናድሰው መቼ ነው? ዝናቡ የሚያበላሸውን ሁሉ አበላሽቶ ከሄደ በኋላ ነው! ግድግዳው ይነጣል፣ ያምራል። ከምርጊቱ በስተ ጀርባ ግን ማገሩ በስብሷል፣ የቋሚው እግር ሻግቷል። በሚመጣው ክረምት ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። በስንተኛው ዓመት ቤቱ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል፣ «ምን ነካው? በየዓመቱ እናድሰው አልነበረም ወይ?» እንላለን።

ስለዚህ የዛሬው ምክራችን አጭር ነው። ማሳመሩ እንደ ወትሮው ለመስቀል ይቆይ። ጥገናው ግን አሁን፣ በየካቲት ይደረግ። የገብሱ ገለባ ገና አላለቀም። መሬቱ ደረቅ ነው። የበልጉም ዝናብ ገና አልጠነከረም።

«የቤቱ ባለቤት መርካቶ ነው፤ ለመስቀል ሲመጣ ይሠራዋል» የሚሉን እናቶች ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ ጣራ ላይ መውጣት በዚህ አገር የወንድ ሥራ ተብሎ ቆይቷል። ይሁን እንጂ እርሱ ለመስቀል ሲመጣ በሬ ይጠብቀዋል፣ ዘመድ ይጠብቀዋል፣ ሽምግልና ይጠብቀዋል። ጥቂት ቀን ተቀምጦ ይመለሳል። በሐምሌ ሌሊት የሚንጠባጠበውን ውኃ በጣሳ እየተቀበለች የምታድረው እርስዋ ናት፤ ልጆቹም ናቸው። ስለዚህ ከሚሠራው ብዙው እርስዋ ከጎረቤት ጋር ሆና ልትሠራው የምትችለው ነው። ጣራ ላይ የሚወጣ አንድ ጎረምሳ ከመንደር አይጠፋም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ጣራውን እንይ።

ቀን፣ ፀሐይ በጠነከረች ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ግቡና በሩን ዝጉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ቀና በሉ። እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ብርሃን ካያችሁ ክዳኑ እዚያ ላይ ሳስቷል ማለት ነው። ብርሃን ባይታይም ጥቀርሻውን ተመልከቱ። የወራጁ ጥቀርሻ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ በመካከሉ ውኃ የወረደበት መሥመር ቡናማ ሆኖ ይታያል። ውኃ በጥቀርሻ ላይ ይጽፋል። እናንተ ዛሬ ማንበብ የምትችሉ ሰዎች ናችሁ፤ ይህንንም አንብቡት። መሥመሩን ተከትላችሁ ወደ ላይ ስትሄዱ መነሻውን ታገኙታላችሁ። ውኃ ቀጥ ብሎ አይንጠባጠብም፤ ወራጁን ይዞ ብዙ ከወረደ በኋላ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ጠብታው ከወደቀበት በላይ ያለውን ብቻ የሚጠግን ሰው ደክሞ ይቀራል።

መነሻውን ስታገኙ ከውስጥ ቀጭን ዘንግ በክዳኑ ውስጥ አሳልፋችሁ ወደ ውጭ አውጡት። ጣራ ላይ ያለው ሰው ጫፉን አይቶ ቦታውን ያውቃል። በዚያ ቦታ ያለውን የበሰበሰ ሣር መዝዞ ያወጣል። በምትኩ አዲስ ሣር ይጠቀጥቃል። የላይኛው ሣር የአዲሱን ራስ እንዲሸፍን ነው። አዲሱ ሣር ከላይ ተደርቦ ብቻ ከቀረ ውኃው በሥሩ ይገባል፤ ነፋስም ይወስደዋል። ማሰሪያው ቃጫ ይሁን። ቃጫ በእናንተ ጓሮ ያለ ነገር ነው፤ ከሱቅ ገመድ አይፈለግም።

ጣራው ላይ አረንጓዴ ሽበት ከበቀለ፣ እሱ ውኃ ይዞ የሚያሳድር ስለሆነ በእንጨት ቀስ ተደርጎ ይፋቅ። በጣራው ላይ የሚያጠላ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ይቆረጥ፤ ፀሐይ ያላየው ክዳን ቶሎ ይበሰብሳል። ጉልላቱን ደግሞ አትርሱ። ሣሩ ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማፍሰስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ማሰሮ የደፋችሁበትም ከሆነ ማሰሮው አለመሰንጠቁን አስወጥታችሁ አሳዩ።

የቆርቆሮ ቤት ያላችሁም አላችሁ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ በየጊዜው ክዳን አይጠይቅም። ይህ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን አረቅጥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ወልቂጤ ላይ የሚስማማ ሁሉ እዚህ አይስማማም። ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፤ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ከሥሩ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ «አፈሰሰ» ይላል፤ አላፈሰሰም፣ አልቦታል። ለዚህ መፍትሔው ከጣራው ሥር ኮርኒስ ማበጀት ነው። የታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ተተርትሮና ተሰፍቶ ቢወጠር ይበቃል። በእውነት የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ምስማሩን እዩ። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው እንጂ በጎድጓዳው ውስጥ አይደለም፤ ውኃ የሚሄደው በጎድጓዳው ነውና። በስሕተት የተመታ ምስማር ካለ ይነቀልና ቀዳዳው በጨርቅና በቀለጠ ሬንጅ ይደፈን። እኛ እንደምናስበው፣ በዚህ ብርድ አገር ወፍራም የሣር ክዳን ያለው ሰው ጎረቤቱ ቆርቆሮ ስላለበሰ ብቻ ሊያፍር አይገባውም።

ሁለተኛው የቤት ጠላት ከታች የሚመጣው ነው። ከጣራ የሚወርደው ውኃ መሬቱን እየመታ ጭቃ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ ቆሞም ወደ ቋሚው እግር ይሰርጋል። ቤት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከእግሩ ነው። በቤቱ ዙሪያ፣ ጠብታው የሚወድቅበትን መሥመር ተከትላችሁ፣ አንድ ስንዝር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሩ። ከቦይ የወጣውን አፈር አትጣሉት። ወደ ግድግዳው እግር መልሱትና ተዳፋት አድርጋችሁ ደልድሉት፤ ላዩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ብትደረድሩበት ይበልጥ ይጠነክራል። የአንድ ቤት ቦይ ሁለት ሰው ከጧት እስከ ቀትር ይጨርሰዋል። ገንዘብ አይጠይቅም። ከዛሬው ምክራችን ሁሉ አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

የቦዩን አፍ ግን ወደ ጀፎረ አታድርጉ። ጀፎረ የመንደሩ ሁሉ ነው፤ ለቅሶም ሠርግም የሚቆመው፣ ልጆችም የሚጫወቱት እዚያ ነው። የአንድ ቤት ውኃ ሣሩን ከቀደደው በሦስት ክረምት ገደል ይሆናል። ውኃው በጓሮ በኩል፣ በእንሰቱ ዳር ዳር ይሂድ። እንሰቱም ሥር እንዳይቆም ተጠንቀቁ፤ እንሰት የሚተኛ ውኃ አይወድም።

የቋሚውን እግር ለመመርመር ቢላዋ ይበቃል። ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ወዲያው መንቀል አያስፈልግም። አዲስ ቋሚ ከጎኑ ይተከልና በጥብቅ ይታሰር። ከመሬት የሚገባው የእንጨቱ ክፍል አስቀድሞ በእሳት ተለብልቦ ላዩ ቢከስል መበስበስን ይቋቋማል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚያገኝ ደግሞ ይቀባው። ጽድ ከተገኘ ጽድ ይሁን። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ይቀናልም፤ መሬት ውስጥ ግን እንደ ጽድ አይቆይም።

አሁን ስለ ጢስ እንነጋገር። በዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንወስዳለን፤ ታገሡን።

አባቶች «ጢስ ቤቱን ይጠብቃል» ይላሉ። ልክ ነው። ጢስ ክዳኑን ያደርቃል፣ ነቀዝን ያባርራል። ሰው የማያነድበት ቤት ቶሎ እንደሚፈርስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለሣሩ መድኃኒት የሆነው ነገር ግን ለሰው ሳንባ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጢስ በሚመጣ በሽታ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከእነዚህ መካከል ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ይህን ቁጥር ቀስ ብላችሁ ደግማችሁ አንብቡት። ሕፃን ከእናቱ ጀርባ አይወርድም፤ እናት ደግሞ ከምድጃ አትርቅም። ጎልማሳው ውጭ ሲውል ጢሱን የሚጠጡት እነርሱ ናቸው። ሳንባ ምች የምንለው በሽታ እንዲህ ባለ ቤት ይበረታል። የእናቶች ዓይን ቀልቶ የሚያለቅሰውም በእርጅና ብቻ አይደለም።

ምን ይደረግ? እሳት ይጥፋ አንልም። በዚህ ብርድ ማን ያለ እሳት ያድራል? ጢሱ መውጫ ያግኝ ነው የምንለው።

ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከክዳኑ ጫፍ በታች ከፍ ብሎ፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ መስኮት ክፈቱ። ቋሚ እንዳትቆርጡ፤ በሁለት ቋሚ መካከል ያለውን ቦታ ምረጡ። ምርጊቱን አንሡና ማገሩን ከመቁረጣችሁ በፊት አራት እንጨት ዙሪያውን አጥብቃችሁ እሰሩ። ማገሩ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ካልሆነ ግድግዳው ይላላል። ከሳንቃ መዝጊያ አብጁለት። ማጠፊያ የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ በምስማር ምቱ፤ ከብረቱ አያንስም፣ አይዝግምም። ምግብ ሲበስል ይከፈታል፣ ሲመሽ ይዘጋል። «ሌባ ይገባል» ላላችሁን አባት፣ በመካከሉ ሁለት ጠንካራ እንጨት አቁሙበት። «ብርድ ይገባል» ላላችሁም፣ ነፋስ ከማይመጣበት በኩል ይከፈት።

ምድጃውንም እንየው። ሦስት ጉልቻ ዙሪያው ክፍት ስለሆነ እሳቱ ወደ ጎን ይበተናል፤ እንጨት ይበላል፣ ይጨሳል። ጉልቻዎቹን በድንጋይና በጭቃ ዙሪያቸውን ሙሉና ማገዶ የሚገባበትን አንድ አፍ ብቻ ተዉ። ጭቃው ጭድ በደንብ የገባበት ይሁን። ምድጃው ከወለሉ አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ቢል የሚድኸው ሕፃን በቀላሉ አይደርስበትም። በእሳት የተቃጠለ የልጅ እጅ በየመንደሩ አይተናል፤ ብዙው ወለል ላይ ካለ ክፍት ምድጃ የመጣ ነው። እርጥብ እንጨት አታንድዱ። ማገዶውን ግን ለማድረቅ ብላችሁ ከነበልባሉ በላይ ባለው ቆጥ ላይ አትከምሩት። የሣር ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈን፤ አጠገቡ አንድ እንስራ ውኃ ይደር።

ስለ ከብቶቹ አጭር ቃል እንበል። «ከብት ከሰው ቤት ይውጣ» የሚል ምክር ከዚህ በፊት ሰምታችኋል። ጥሩ ምክር ነው፤ ነገር ግን ጅቡንና ብርዱን ያየ ሰው ሌላ በረት ሳይሠራ አያስወጣቸውም፤ አይፈረድበትም። እስከዚያው ድረስ በመካከል እስከ ደረት የሚደርስ በጭቃ የተመረገ አጥር ይሁን። የከብቶቹ ወለል ወደ ውጭ ያዘንብል። ሽንቱ በቦይ ወጥቶ ከእበቱ ጋር ለእንሰቱ ይሁን።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው የማሳመሩ ተራ የሚመጣው። እዚህ ላይ አስተማሪዎቹ እናቶች ናችሁ። እኛ የምንጨምረው ጥቂት ነው።

የምርጊት አፈር ከመቦካቱ በፊት ይፈተን። አንድ ጭብጥ የሚያህል ጭቃ አድቦልቡላችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ከተሰነጣጠቀ ዋልካ በዝቶበታል፤ አሸዋና ጭድ ጨምሩ። በእጅ ሲነካ ከተፈረፈረ አሸዋ በዝቶበታል። ሳይሰነጠቅና ሳይፈርስ ከደረቀ ደግ አፈር ነው። ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ በየቀኑ ይረገጥ። አሮጌ ስንጥቅ ስትደፍኑ በላዩ ብቻ አትለቅልቁበት። በቢላዋ አስፍታችሁ ጫሩት፣ ውኃ እርጩበት፣ ከዚያ ጭቃውን ወደ ውስጥ ጠቅጥቁ። ደረቅ ግድግዳ እርጥብ ጭቃን አይዝም። የአይጥ ቀዳዳ ከሆነ መጀመሪያ ጠጠርና እሾህ ይግባበት።

ነጭ አፈር የሚገኝበት ሰፈር በነጭ አፈር ይቀባ። ኖራ የሚገዛ ደግሞ ማታ በውኃ በጥብጦ ያሳድረው፤ ጧት በወንፊት ያጥልለው። በአንድ ባልዲ አንድ እፍኝ ጨው ቢጨመርበት እጅ ላይ አይለቅም ይባላል፤ ብዙ ቤት የተለመደ ነው። ግድግዳውን አርጥባችሁ ስስ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል። ልጆች ይራቁ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይዘገይ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን ክፍል በቀይ አፈር ብትቀቡት ያምራል፤ የልጆች እግርና የመጥረጊያ እድፍም አይታይበትም። ነጭ ቤት ብርሃን ይመልሳል። በማታ ኩራዝ ወይም በትንሽ አምፑል ለምታነቡት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሙዳዩን፣ ሰፌዱንና ዋንጫውን የምትሰቅሉበት ካስማ ከቋሚው ላይ ይመታ፤ ጭቃ ላይ የተመታ ካስማ ምርጊቱን ይዞ ይወርዳል። ቀርከሃ ያለው ለሁለት ሰንጥቆ በቃጫ ቢያስረው ለደብተርና ለመጽሐፍ የሚሆን መደርደሪያ ይወጣዋል።

ግድግዳቸውን በአሮጌ ጋዜጣ ያለበሱ ቤቶችም አይተናል። በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ ያምራል፤ ከምድጃ ግን ይራቅ። አንዳንዱ ጋዜጣ ተዘቅዝቆ ተለጥፏል። ድሮ ይህ ለማንም ግድ አልነበረም። ዘንድሮ ስትለጥፉ ግን ፊደሉን ወደ ላይ አድርጉት፤ ትልልቁ ርዕስ በልጅ ቁመት ይሁን።

ስለ ገለባውና ስለ ጉልበቱ አንድ ሐሳብ አለን። እቁብን ለእናንተ ማስተማር አይቻለንም። ታዲያ የገንዘብ እቁብ ካለ የሣር እቁብ ለምን አይኖርም? አሥር ቤት ይሰባሰብ። እያንዳንዱ ቤት በዓመት አሥር ሸክም ሣር ወይም ገለባና የአንድ ቀን ጉልበት ያዋጣ። አሥር ጊዜ አሥር መቶ ሸክም ነው። በየዓመቱ አንድ ቤት ሙሉ ክዳን ያገኛል፤ የተረፈው ለሌሎቹ ቀዳዳ ይሆናል። ዕጣ ግን አይውጣ። የመጀመሪያው ተራ ጣራው ከሁሉ ለከፋበት ይሁን። እርስዋም ብዙ ጊዜ ባል የሌላት ወይም ልጅ የሌላት ሴት ናት። መዝገቡን ከእናንተ አንዱ ይያዝ፤ ስምና ሸክም መጻፍ ለአሁኑ እጃችሁ ከባድ አይደለም።

በመጪው ቅዳሜ ጧት እዚህ ክፍል የምትማር አንዲት እናት ቤት ዙሪያ ቦይ እንቆፍራለን፤ ከበሩ ትይዩም መስኮት እንከፍታለን። አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ ይዞ ይምጣ። መሰላል አንድ ተገኝቷል። አሮጌ ጎማ ያለው ሰው ካለ ዛሬውኑ ይንገረን።